መነጽር ሳይለካ ለሰው አይሰጥ፦ በወሎ የዓይን ሕክምናን ለሚመሩ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በወሎ የዓይን ሕክምናና የመነጽር አገልግሎትን ለምትመሩ የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ጉዳዩ፦ የሌንስ መለኪያ መሣሪያችን እንዲጠገን፣ መነጽር ሳይለካ እንዲሰጥ የወጣውም መመሪያ እንዲነሣ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልን።

እኛ በወሎ በዓይን ክፍልና በመነጽር መሥሪያ ውስጥ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍነው ሦስት ጊዜ በጽሑፍ፣ ከዚያ በላይም በአካል ቀርበን መልስ ስላጣን ነው። የምናነሣው ስለ አንድ መሣሪያና ስለ አንድ መመሪያ ነው። መሣሪያው ሌንስሜትር ይባላል። መመሪያው ባለፈው ግንቦት የደረሰን ነው፤ ተሠርቶ የሚመጣ መነጽር በደረሰበት ዕለት ለባለቤቱ ይሰጥ፣ አቅራቢው በካርዱ ላይ የጻፈው ቁጥር ይበቃል፣ እንደገና መለካት ሥራ መደጋገም ነው ይላል። መሣሪያው ሲበላሽ ዝም ተባለ፤ ከዚያ መለካቱ ራሱ ቀረ። ለእኛ ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው።

መመሪያውን ያዘጋጁት ሰዎች ይህ ልኬት ምን እንደሆነ አላዩትም ብለን ስለምናምን ከዚያ እንጀምር። ሰው «የመነጽሬ ቁጥር» የሚለው ነገር ሌንሱ ላይ ተጽፎ አይገኝም። የጫማ ቁጥር ሶሉ ላይ አለ፤ ሌንስ ግን ተቆርጦ ፍሬም ውስጥ ከገባ በኋላ ማይነስ ሁለት ይሁን ማይነስ ሁለት ከግማሽ ዝም ብሎ አይቶ የሚለይ ሰው የለም። የሚለየው ብርሃን ነው። ከሩቅ የመጣ ብርሃን በፕላስ ሌንስ አልፎ አንድ ሜትር ላይ ከተሰበሰበ ሌንሱ አንድ ዳይኦፕተር ነው። ግማሽ ሜትር ላይ ከተሰበሰበ ሁለት፣ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ አራት ነው። ፈርዲናንድ ሞንዋዬ የተባለ ፈረንሳዊ የዓይን ሐኪም ይህን መለኪያ ያቀረበው በ1872 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስከ ዛሬም እኛ በማዘዣ ላይ የምንጽፈው በእሱ ነው። ማይነስ ሌንስ ደግሞ ብርሃንን ይበትናል እንጂ አይሰበስብም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ለማወቅ መሣሪያ ይፈልጋል።

ሌንስሜትር በውስጡ አንዲት ትንሽ አምፖል አለችው። ብርሃኗ በአረንጓዴ ማጣሪያ አልፎ የቀጫጭንና የወፋፍራም መስመሮች ምልክት ላይ ያርፋል። መነጽሩን ከጀርባው በኩል፣ ማለትም ዓይን የሚያየውን ገጽ ወደ መሣሪያው አድርገን እናስቀምጣለን። ሌላኛውን ዓይናችንን ሳንጨፍን በቱቦው እያየን ማዞሪያውን እናዞራለን። መጀመሪያ የሚታየው የተድበሰበሰ አረንጓዴ ነገር ነው። ቀስ እያልን ስናዞር፣ ከሌንሱ የሚወጣው ብርሃን ትይዩ በሆነባት ቦታ፣ መስመሮቹ እንደ ተሳለ ምላጭ ጥርት ይላሉ። ያኔ ቁጥሩን እናነባለን። ሌንሱ ሲሊንደር፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ከሌላው የተለየ ቁጥር፣ ካለበት ሁሉም መስመሮች በአንድ ጊዜ አይጠሩም፤ አንደኛው ወገን ሲጠራ ሌላው ይደበዝዛል። በሁለቱ ንባብ መካከል ያለው ልዩነት ሲሊንደሩ ነው፤ መስመሮቹ የዞሩበት ማዕዘን አክሲሱ ነው። የምልክቱ መሐል ከቱቦው መሐል ላይ ሲገጥም የሌንሱ ማዕከል የት እንደሆነ በቀለም ነጥብ እናደርግበታለን። ይህ ሁሉ ለለመደ እጅ ለአንድ መነጽር ከሦስት ደቂቃ አያልፍም። ድግግሞሽ የተባለው ይህ ሦስት ደቂቃ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ ብዙ የጤና ተቋማት እንደተዘረፉ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። እኛም ያን ጊዜ የነበረንን መሣሪያ አጥተናል። በኋላ ያገለገለ አንድ ተሰጠን፤ ለዚያ ምስጋናችንን በወቅቱ በጽሑፍ ገልጸናል። እሱም ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ አምፖሉ ተቃጠለ። የተቃጠለው አምፖል ዛሬም በፖስታ ውስጥ ተቀምጦ አለ፤ ብርጭቆው ከውስጥ ጠቁሯል፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ አይበልጥም። ግዢ ስንጠይቅ ዕቃው በዝርዝር ውስጥ የለም ተብሎ ተመለሰ። የሞዴሉን ቁጥር ጨምረን ጠየቅን፤ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይጠየቅ ተባለ። መሣሪያውን ጨምረን ስንጠይቅ በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ይታያል ተባልን። የበጀት ዓመቱ ካለቀ ወራት አልፈዋል።

በስልክ መብራት ከኋላ እያበራን ሞክረናል። ብርሃኑ በጎን ስለሚገባ መስመሮቹ ግማሹ ብቻ ይታያሉ። ሁለት ባለሙያዎች አንዱን ሌንስ ተራ በተራ አንብበን ግማሽ ዳይኦፕተር ተለያየን። ለእንዲህ ያለ ሌንስ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚፈቀደው ልዩነት ወደ 0.12 ዳይኦፕተር ነው። በዚህ ንባብ ማረጋገጫ መፈረም ለሕሊናችንም ለሙያችንም ስለከበደን ሙከራውን ተውነው።

አሁን የደረሰውን እንናገር። የሰዎቹን ስም አንጠቅስም፤ መዝገባቸው ግን በእጃችን ነው፤ ለመመልከት የሚመጣ ኃላፊ ካለ እናሳያለን።

የመጀመሪያዋ ከሐይቅ ከተማ በኩል የመጣች የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ቀኝ ዓይኗ ፕላስ 5.00፣ ግራዋ ፕላስ 1.50 ይፈልጋል። ቀኙ ሰነፍ ዓይን ወደ መሆን እየሄደ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ትክክለኛውን ሌንስ በጊዜ ካላገኘ አእምሮው በዚያ ዓይን ማየትን ሳይማር ይቀራል፤ የመማሪያው ዕድሜ ካለፈ በኋላ የሚሰጠው መነጽር ደግሞ ያን ያህል አይረዳም። መነጽሯ በሐምሌ መጣ። በመመሪያው መሠረት በዚያው ዕለት ተሰጣት። ካርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ልክ ነበር።

እናቷ በጥቅምት ተመልሳ መጣች። «ወንድሜ፣ ይቺ ልጅ መነጽሩን ጠላችው። አድርጊ ስላት ታደርጋለች፣ ግን ከላዩ አሻግራ ነው የምታየው» አለች። ልጅቷ አጠገቧ ቆማለች፤ መነጽሩ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወርዷል፤ አገጯን ደረቷ ላይ አድርጋ በፍሬሙ አናት ላይ ታየናለች። ሌንስሜትር የለንም። ዕለቱ ግን ጥርት ያለ ፀሐይ ነበር። መነጽሩን ይዘን በመስኮቱ በገባው ጨረር ላይ አቆምነውና ከሥሩ ነጭ ወረቀት ዘረጋን። ግራው ሌንስ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ የምስር ፍሬ የምታህል የጠራች ነጥብ ጣለ። ቀኙ በዚያ ርቀት ላይ ሰፊ ክብ ብቻ ነው ያሳየው፤ ወረቀቱን እያራቅን እያራቅን 67 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስንደርስ ነው ብርሃኑ የተሰበሰበው። 20 ሳንቲ ሜትር ማለት አምስት ዳይኦፕተር፣ 67 ማለት አንድ ከግማሽ ነው። ቀኝና ግራው ተለዋውጦ ተገጥሟል። ደካማው ዓይን እርዳታውን አላገኘም፤ ደህናው ዓይን ደግሞ በማይፈልገው ሌንስ ተጋርዶ ከረመ። ልጅ እንዲህ ነው ብላ መናገር አትችልም፤ የቻለችው በላዩ ማየት ነበር። እናቷን «አብሽሪ፣ ይስተካከላል» አልናት። ያለፉትን ሦስት ወራት ግን ማን እንደሚመልስላት አልነገርናትም፤ አናውቅማ።

በሐምሌስ ለምን በፀሐይ አላያችሁትም የሚል ይኖራል። ደሴ በሐምሌ የጦሳ ተራራ እንኳ በጉም ተሸፍኖ የሚውልባት ከተማ ናት። ደግሞም በፀሐይ የሚታየው ፕላስ ሌንስ ብቻ ነው፤ ወደ እኛ የሚመጡት ተማሪዎች አብዛኞቹ ሰሌዳ የማይታያቸው፣ ማይነስ የሚያደርጉ ናቸው። የመንግሥት የጤና አገልግሎት በደመና ላይ ተመርኩዞ መሥራት የለበትም።

ሁለተኛው ከደሴ ኮምቦልቻ የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ ማይነስ 6.00 ናቸው። በብሌኖቹ መካከል ያለው ርቀት፣ እኛ ፒዲ የምንለው፣ 58 ሚሊ ሜትር ሲሆን የመጣው መነጽር የሌንሶቹ ማዕከል 68 ላይ ተገጥሟል። ለማያውቅ ሰው አንድ ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሌንስ ከማዕከሉ ውጭ ሲታይበት ፕሪዝም ይሆናል፣ ማለትም ብርሃንን ወደ ጎን ያጥፋል፤ የፕሪዝሙ መጠን የሌንሱ ቁጥር በሳንቲ ሜትር ርቀቱ ሲባዛ ነው። ለእያንዳንዱ ዓይን ግማሽ ሳንቲ ሜትር በስድስት ሲባዛ ሦስት፣ ለሁለቱ ስድስት ፕሪዝም ዳይኦፕተር ይሆናል። ዓይኖቹ ሩቅ ለማየት ወደ ውጭ መከፈት አለባቸው፤ ይህን ያህል መከፈት ደግሞ ብዙ ሰው አይችልም። የነገረን እንዲህ ብሎ ነው፦ «ዶክተር፣ ማታ ሐረጎን ስወርድ ከፊቴ የሚመጣው መኪና መብራት ሁለት ሁለት ሆነብኝ። የቱ እውነተኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወረድኩት።» የሐረጎን ቁልቁለት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከኋላው የተሳፈሩት ሰዎች የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

ሦስተኛው ከሐርቡ አካባቢ የመጡ፣ ልጆችን ቁርኣን የሚያስተምሩ አዛውንት ሼህ ናቸው። ማዘዣቸው ሲሊንደር 1.50 አክሲስ 180 ነበር፤ የተሠራው 90 ላይ ነው። አክሲስ ዘጠና ዲግሪ ሲዞር ሲሊንደሩ ከማረም ይልቅ ይጨምራል፤ አንድ ከግማሽ የነበረው የዓይናቸው ችግር መነጽሩን ሲያደርጉ ሦስት ሆነ። «ልጄ፣ ፊደሉ ሁሉ ጥላ አወጣብኝ፣ ወለሉም ዘመመብኝ» አሉን። ስሕተቱን ያገኘነው በጥንቱ መንገድ ነው፦ በሌንሱ ውስጥ የመስኮቱን መስቀለኛ እንጨት እያየን ሌንሱን ስናዞር ሁለቱ መስመሮች እንደ መቀስ ይከፈታሉ፤ ቀጥ ብለው የሚገጥሙበት ቦታ አክሲሱን ያሳያል። ከዚያ ቁጥራቸው የታወቁ ሌንሶች ካሉበት የትሪያል ሌንስ ሣጥን ተቃራኒውን እየደረብን ቁጥሩን አገኘን። ለአንድ መነጽር አርባ ደቂቃ ያህል ወሰደብን፤ በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ እያለ። ይህን ለሁሉም ማድረግ አንችልም።

ካርዶቹ በሦስቱም ላይ ትክክል ነበሩ። ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ይህንን ነው። ካርዱ የሚናገረው የታዘዘውን ነው፤ የተሠራውን የሚናገረው ሌንሱ ነው። አቅራቢውን ለመወንጀል አይደለም የምንጽፈው። ሌንስ ሲቆረጥ መዞር፣ ቀኝና ግራ መለዋወጥ በየትኛውም ዓለም በየትኛውም መሥሪያ የሚያጋጥም የእጅ ስሕተት ነው። ለዚህ ነው ከመስጠት በፊት መለካት የሙያው ደንብ የሆነው።

ከአገር ውጭ ያሉ ወገኖች በልግስና የላኩት ያገለገለ መነጽር አንድ ሙሉ ካርቶን ደግሞ መደርደሪያችን ላይ ተቀምጧል። ቁጥራቸውን ስለማናውቅ አንዱንም ለማንም መስጠት አንችልም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበን በሕዝቡ ዘንድ የሚቀረው ነገር ነው። መነጽር ዓይን ያጠፋል የሚል እምነት በአገራችን እንዳለ ታውቃላችሁ። ይህን እምነት ለመቀየር በየትምህርት ቤቱ እየዞርን ስንት ጊዜ አስተምረናል፤ ወላጆችን ለምነናል። አንዲት ልጅ የተሳሳተ መነጽር አድርጋ ራሷን ሲያማት ጎረቤት ሁሉ «አላልናችሁም?» ይላል። ያን ጊዜ የሚቀረው የእሷ መነጽር ብቻ አይሆንም፤ የወንድሟም፣ የጎረቤት ልጅም ይቀራል። መነጽር ያላገኘ ሰው ነገ ሊያገኝ ይችላል። የተሳሳተ አድርጎ የተጎዳ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይመጣም፤ እኛ ይህን በየቀኑ እናየዋለን። አገልግሎቱን ለማፋጠን የወጣው መመሪያ ሰውን ከአገልግሎቱ እያራቀው ነው።

በገበያ እህል የሚመዝን ነጋዴ ሚዛኑ ይመረመራል። የነዳጅ ማደያ ሊትሩ ይፈተሻል። ያ ተገቢ ነው። የሰው ዓይን ላይ የሚውለው መለኪያ ግን የሚጠይቀው የለም። አምፖሉ ቢተካ እንኳ መሣሪያው ያለ ሌንስ ሲታይ ዜሮ ላይ መጥራት አለበት፤ ቁጥራቸው በታወቁ ሌንሶችም በየጊዜው መፈተሽ አለበት። ይህ እስከ ዛሬ ተደርጎልን አያውቅም። የሚያየውም ሰው ከመጀመሩ በፊት የቱቦውን ማያ ለራሱ ዓይን ማስተካከል አለበት፤ ይህን ያልሠለጠነ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያነብ የራሱን ዓይን ችግር በሌንሱ ላይ ጨምሮ ይጽፋል። ከመካከላችን የሠለጠኑት ሁለት ባልደረቦች ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረው መድኃኒት እንዲያድሉ መደረጋቸውንም በዚሁ አጋጣሚ እናሳስባለን።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የግንቦቱ መመሪያ ይነሣ። በምትኩ ማንኛውም መነጽር፣ ከየትም ይምጣ፣ ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት ሁለቱም ሌንሶች፣ አክሲሳቸውና ማዕከላቸው ተለክተው ውጤቱ በማዘዣው ጀርባ እንዲጻፍና የለካው ባለሙያ እንዲፈርምበት ይታዘዝ።

አምፖሉ ይገዛ፤ ከመጠባበቂያ ጋር። ስሙና ዓይነቱ ቀድሞ ባቀረብናቸው ሦስት ጥያቄዎች ላይ ተጽፏል። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ሥራ እንዳይቆም በባትሪ የሚሠራ ሁለተኛ መሣሪያ በሚቀጥለው በጀት ይያዝልን። ሌንስሜትርና አምፖሉ በግዢ ዝርዝራችሁ ውስጥ በስማቸው ይግቡ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡ ሰዎች እንደገና ከዜሮ እንዳይጀምሩ።

መሣሪያው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በመፈተሻ ሌንሶች ይፈተሽ። ወደ ሌላ ሥራ የተዛወሩት ሁለቱ ባልደረቦቻችን ወደ ቦታቸው ይመለሱ።

ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ ከግንቦት ወዲህ ሳይለካ የተሰጠ መነጽር ሁሉ ባለቤቱ ይዞት እንዲመጣ ጥሪ ይደረግ። በየወረዳው ጤና ጣቢያና በየትምህርት ቤቱ በኩል፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያንም ቢነገር ሰው ይሰማል። ሕፃናቱ ይቅደሙ። ሹፌሮች ይከተሉ። መሣሪያው በተጠገነ ማግስት ቅዳሜና እሑድ ያለ አበል ገብተን ለመለካት ሁላችንም ተስማምተናል፤ የስም ዝርዝራችን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጽሕፈት ቤታችሁ ይገኛል።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በወሎ የዓይን ክፍሎችና የመነጽር መሥሪያዎች የሚሠሩ ባለሙያዎችን በመወከል፣
የመነጽር ክፍል ኦፕቶሜትሪስት
ደሴ

ግልባጭ፦
ለየትምህርት ቤቱ የወላጅና መምህራን ኅብረት
መነጽር ለሚጠቀመው የወሎ ሕዝብ